ጋቢው መቆረጡን እናትሽ ያውቃሉ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣልኝ ከሐዋሳ ነው። ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።

«ውድ እትዬ፣ ዕድሜዬ 31 ነው። የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ሥዕል ተምሬያለሁ፤ ለጥቂት ዓመታትም አስተምሬያለሁ። ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ግን ብሩሽ አልጨበጥኩም። ቀለሙ ይሸታል፣ እኔ ስነሣ ስቀመጥ ይደርቃል፣ ሕፃን ላለበት ቤት አይሆንም። ስለዚህ ወደ ክር ዞርኩ። ጥጥ፣ ኪሮሽ፣ የእንሰት ቃጫ፣ ከልብስ ሰፊዎች የምለቅመው ብጣሽ ጨርቅ፣ ያገኘሁትን ሁሉ። ልጄ አሁን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ስትተኛ እሠራለሁ፤ ስትነቃ አቆማለሁ።

በሚቀጥለው ወር በከተማችን በሚከፈት የጋራ ዐውደ ርእይ ላይ አንድ ሥራ እንዳቀርብ ተጋብዣለሁ። በአራስነቴ የለበስኩትን ጋቢ 80 ቦታ ሸንሽኜ፣ ከቃጫ ጋር መልሼ ሸምኜዋለሁ። 80 ያደረግሁት ልጄ ክርስትና እስክትነሣ የቆጠርኳቸውን ቀናት አስቤ ነው። ከመሐሉ በቀይ ክር የገመድኩት ረጅም ገመድ ይወርዳል፤ እትብት ነው። ጋቢውን የፈተለችው እናቴ ናት፤ ዲላ ስለምትኖር እንደቆረጥኩት እስካሁን አልነገርኳትም።

አማቴ ሥራውን ሲያዩ ደነገጡ። "የአራስ ልብስ አደባባይ አይወጣም፤ ልጂቱን ዓይን ይበላታል። ደግሞ እትብት ይቀበራል እንጂ አይሰቀልም" አሉ። ባለቤቴ መልካም ሰው ነው፤ ነገር ግን "ይህን ድሪቶ ማን ይገዛዋል? ለሐይቅ ዳር ሆቴሎች የጠረጴዛ ልብስ ብትሠሪ አይሻልም?" ይላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። በሰፈር ስሜ ጠፍቷል። ሁሉም የሚጠራኝ በልጄ ስም "የእገሊት እናት" እያለ ነው። ሠዓሊ ነኝ ስል የምዋሽ ይመስለኛል። ሥራውን ላቅርበው ወይስ ልተወው? እኔስ ማን ነኝ?

ቃጫ ነኝ፣ ከሐዋሳ

ረስቼው፦ ከክረምቱ ወዲህ ቃጫው የሻጋታ ሽታ አምጥቷል። ምን ላድርገው?»

ልጄ፣ የበኩር ልጄ እኩያ ስለሆንሽ እንዲህ ብልሽ ቅር አትሰኚብኝ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ስለ አማትሽ ልጽፍልሽ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ስለ ባለቤትሽ። በሦስተኛው አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ደርሼ ቆምኩ። «ዲላ ስለምትኖር እንደቆረጥኩት እስካሁን አልነገርኳትም» ትያለሽ። ዲላ ስልክ አለ። መኪናም አለ፤ ከሐዋሳ ጠዋት የተነሣ ሰው ከምሳ በፊት ይደርሳል። ያልነገርሻቸው ዲላ ስለሚኖሩ አይደለም።

ወደዚህ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ቀላል ቀላሉን ላውርድ።

ባለቤትሽ «ድሪቶ» ማለቱ አስከፍቶሻል፤ በቃሉ ግን አልተሳሳተም። ብጣሽ ከብጣሽ ተጋጥሞ ሲሰፋ አማርኛ የሚሰጠው ስም ድሪቶ ነው። የድሃ መሸፈኛ ሆኖ ስለኖረ አፈርንበት እንጂ፣ ድሪቶ የምትሰፋ ሴት ቀለም ትመርጣለች፣ ታጋጥማለች፣ የትኛው ቁራጭ ከማን ቀሚስ እንደመጣ ታስታውሳለች። አሜሪካዊቷ ፌዝ ሪንጎልድ (እ.ኤ.አ. 1930–2024) ሸራ ላይ በቀለም ስትሥል ኖራ ነው ወደዚሁ ወደ ድሪቶ የዞረችው። የመጀመሪያውን የሠራችው በ1980 ከእናቷ ጋር ሆና ነው። እናቷ በኒው ዮርክ ሐርለም የታወቁ ልብስ ነዳፊ ነበሩ። በዓመቱ ዐረፉ። ልጅየዋ ከዚያ በኋላ ድሪቶዎቿ ላይ ታሪክ እየጻፈች ቀጠለች፤ ዛሬ በትልልቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ሰው ቲኬት ቆርጦ ያያቸዋል። ስለዚህ ባለቤትሽ ሌላ ጊዜ ድሪቶ ሲልሽ «አዎ፣ ድሪቶ ነው» በይው።

ስለ ገንዘቡ የተናገረውን ግን አትናቂበት። የልጅ ወተት የሚገዛው በዝና አይደለም። የጠረጴዛ ልብስ መሥራት አያዋርድሽም፤ ከሳምንቱ ሁለቱን ቀን ለገበያ ሥሪ፣ ዋጋ ስታወጪ ሰዓትሽንም ቁጠሪ፣ የቀረውን ቀን ማንም አይንካብሽ። ይህ የሁለታችሁ የቤት ስምምነት ነው፤ ከዚህ በላይ የእኔ ምክር አያስፈልገውም።

«ሠዓሊ ነኝ ስል የምዋሽ ይመስለኛል» ላልሽውም ብዙ አልልም። ቋንቋሽን ስሚው። ሥነ ጥበብ እንላለን፤ በቀሚሳችን ጠርዝ የሚወርደውን ሽመናም ጥበብ እንለዋለን። ቃሉ አንድ ነው። አያቶቻችን ሁለቱን ለመለየት አልቸኮሉም፤ የቸኮልነው እኛ ነን። ከእኛው አገር ኤልያስ ስሜ በክርና በአዝራር እየሰፋ ትልልቅ ሥራዎችን ሠርቷል፤ ዓለም ሠዓሊ ብሎ ተቀብሎታል፤ ይገባዋልም። (ወንድ መርፌ ሲይዝ ጥበብ፣ ሴት ስትይዝ የእጅ ሥራ የምንልበትን ልማድ ግን አንድ ቀን ሌላ ዓምድ ላይ እመለስበታለሁ፤ ዛሬ ከተናደድኩ አልጨርስም።)

ሌላው ነገር፣ «ስትተኛ እሠራለሁ፤ ስትነቃ አቆማለሁ» ያልሽውን እንደ ጉድለት ነው የጻፍሽው። የእናቶቻችን የክር ሥራ ሁሉ እንደዚያ ነው የተሠራው። መሶብ የምትሰፋ ሴት አክርማውን አስቀምጣ ወጥ ታማስላለች፣ ተመልሳ ወስፌዋን ታነሣለች። ዳንቴል ጉልበት ላይ ይቀመጣል፣ ሕፃን ይነሣል። ልጅሽ በነቃችበት ቦታ ላይ ክሩ ተቋርጦ ይሆናል፤ በኋላ ስትመለሺ ቀጥለሽ ቋጥረሽዋል። እስካሁን ቋጠሮዎቹን ከጀርባ ከደበቅሻቸው፣ ወደ ፊት አውጪያቸው። እኔ ወደ ዐውደ ርእይሽ ብመጣ መጀመሪያ የምፈልገው እነሱን ነው።

ወደ አማትሽ ልምጣ። እዚህ ላይ የብዙ አንባቢ ግምት «ኋላ ቀር ናቸው፣ ተያቸው» እንድልሽ ነው። አልልም።

የወሊድን ነገር አደባባይ ማውጣት ሐዋሳ ላይ ብቻ አይደለም ሰው የሚያስደነግጠው። ሜሪ ኬሊ የምትባል ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1976 ለንደን ላይ የልጇን ያገለገለ የሽንት ጨርቅ ገበር፣ ሕፃኑ በዕለቱ ምን እንደበላ ከሥሩ ጽፋ፣ በተርታ አሳየች። ጋዜጦቹ ጮኹ፣ ተሳለቁ። ዛሬ ያ ሥራ ስለ እናትነት በተሠሩ ሥራዎች ታሪክ ውስጥ ሳይነሣ አይታለፍም። ይህን የምነግርሽ አማትሽን ለመርታት እንድትጠቀሚበት አይደለም። እንደሳቸው የደነገጠ ሰው በየአገሩ እንዳለ እንድታውቂ ነው።

ዓይን ይበላታል ላሉት፣ ስለ ዓይን መኖርና አለመኖር አትከራከሪ። የእሳቸው ፍርሃት ስለ ልጅ ልጃቸው ነው። እንዲህ በያቸው፦ «በሥራው ላይ ስሟ የለም፣ ፎቶግራፏ የለም፣ የተወለደችበት ቀንም አይጻፍም። በመክፈቻው ዕለትም እርስዎ ጋር ቤት ትቆያለች።» ይህንን ቃል ስትገቢ ምንም አይጎድልብሽም። ሥራው ስለ አንቺ ነው፤ ልጂቱ ገና ስለ ራሷ ፈቃድ መስጠት አትችልምና አማትሽ ባይናገሩም ይህንን ማድረግሽ ተገቢ ነው።

አሁን ያቺን አባባላቸውን እንመልከት። «እትብት ይቀበራል እንጂ አይሰቀልም።» ልጄ፣ ከመላው ደብዳቤሽ ውስጥ እጅግ ያማረው ቃል የእሳቸው ነው። አንቺ ገመዱ ከመሐል እንደሚወርድ ጻፍሽ፤ ወርዶ የት እንደሚደርስ አልጻፍሽም። ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ የሚቀር መሰለኝ። መጨረሻ የሌለው ገመድ ነው ማለት ነው፤ አማትሽ መጨረሻውን ሰጡሽ። የሸክላ ማሰሮ አምጪ፣ አፈር ሙይበት፣ የገመዱን ጫፍ እዚያ ቅበሪው። ሰው አገሩን ሲናገር «እትብቴ የተቀበረበት» የሚለው ለምን እንደሆነ ከዚያ ማሰሮ ፊት የቆመ ሰው ያለ አስረጂ ይገባዋል። ማሰሮውንም አማትሽ ራሳቸው ይምረጡት። ከተቃወሙት ሥራ ላይ እጃቸው ሲገባ ምን እንደሚሉ አይተሽ ጻፊልኝ።

አፈሩ ከየት ይምጣ ብትይኝ፣ የልጅሽ እትብት እንደ ብዙዎቹ የዛሬ ልጆች ሆስፒታል ቀርቶ ይሆናል። የአንቺ የት እንዳለ የሚያውቁት ደግሞ አንዲት ሰው ናቸው። እንግዲህ በየትም በኩል ብንዞር መንገዱ ዲላ ይወስደናል።

ከመሄዳችን በፊት ስለ ቃጫው አንድ ቃል። ማግዳሌና አባካኖቪች የተባለች ፖላንዳዊት እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከአሮጌ የመርከብ ገመድ በፈታችው የሲሳል ቃጫ ከጣሪያ የሚወርዱ፣ ሰው የሚውጡ የሚመስሉ ግዙፍ ሽመናዎችን ሠርታለች፤ ስለዚህ ሻካራ ነገር መምረጥሽ ብቸኛ አያደርግሽም። ያንቺ ቃጫ ግን ከመርከብ አልመጣም። የሲዳማ ሴቶች እንሰቱን ለቆጮ ሲፍቁ የሚቀረው ጭረት ነው። መፋቁ የሴት ሥራ ነው፤ ወገብ የሚያጎብጥ፣ ከጎረቤት ተጠራርቶ የሚሠራ። እንሰት ደግሞ እንዴት እንደሚራባ ታውቂያለሽ? ገና ያልጎለመሰው ተክል ይቆረጥና፣ ከሥሩ ያለው አምቾ የመሐሉ ቡቃያ ተወግዶ ይቀበራል። ያኔ ከአንዱ አምቾ ዙሪያውን ብዙ ችግኝ ይወጣል። መሐሉ እንዳለ ከተተወ ግን ወደ ላይ ብቻ ያድጋል እንጂ ልጅ አይሰጥም። በእናትነት ላይ የምትሠሪ ሰው ይህን ለሌላ ጊዜ ያዢው፤ ምን እንደምታደርጊበት አልነግርሽም።

ወደ ጋቢው።

ጋቢ እንዴት እንደሚሠራ ለአንቺ መንገር የለብኝም፤ ከሱቅ ለሚገዙት አንባቢዎቼ ነው። ጥጡ ይለቀማል። ፍሬው ድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ እየተዳመጠ ይወጣል። በደጋን ይነደፋል፣ ይባዘታል። ከዚያ እንዝርት ይነሣል። ባዘቶው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል እየሳሳ፣ እየከረረ ክር ይሆናል፤ ክሩ ተጠንጥኖ ልቃቂት ይሆናል። ነጠላ ስሙ እንደሚለው ነጠላ ነው፣ ኩታ ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ልጇ ስታረግዝ ጋቢ አስባ እንዝርት የምታነሣ እናት ስንት ምሽት እንደምትቀመጥ ገምቱት። ዓይን የሚፈልግ ሥራ ነው፤ በእናትሽ ዕድሜ ደግሞ ዓይን ውድ ነው። ለአራስ ተብሎ የተፈተለ ጋቢ ገና ያልተወለደ ልጅና ገና ያላማጠች ልጅ እየታሰቡ የተሠራ ነው። ፍርሃትም አለበት፤ የምታምጥን ልጅ ማሰብ ምን እንደሆነ አሁን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ዛሬ ዛሬ ሸማኔዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ ድሩን፣ በቁመት የሚዘረጋውን፣ ከፋብሪካ ክር ያደራሉ፤ የእጅ ፈትሉ ማግ ሆኖ በወርዱ ይገባል። እስቲ ልጠይቅሽ። ጋቢውን የሸነሸንሽው በቁመቱ ነው ወይስ በወርዱ? በወርዱ ከሆነ የተቆረጠው ድሩ ነው፤ ማጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይነካ በየቁራጩ ውስጥ አለ። በቁመቱ ከሆነ ግን መቀስሽ በየእርምጃው የቆረጠው ማጉን፣ የእናትሽን ፈትል ነው። ሰባ ዘጠኝ ጊዜ። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ፈታይ ስለሆኑ እናትሽ መጀመሪያ የሚያዩት ይህንን ስለሆነ ነው። መልሱን ይዘሽ ሂጂ።

እኔም ቆርጫለሁ። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ እናቴ የሰጠችኝን ቡሉኮ ለሁለት ከፍዬ የመስኮት መጋረጃ አደረግሁት። ያኔ መጋረጃ ያለው ቤት የሰለጠነ ቤት ይመስለኝ ነበር። እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ቡና ሳፈላ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ የመጋረጃውን ጫፍ በሁለት ጣቶቿ መሐል አድርጋ ፈተግ ፈተግ አደረገችው። ፈታዮች ክር የሚፈትሹት እንደዚያ ነው። «ማጉ የእኔ ነው» አለች። አዎ አልኳት። «መስኮቱ ሰፊ ነው» አለች። ከዚያ ስለ በርበሬ ዋጋ አወራን። ከዚያ ቀን ወዲህ ፈትል ሰጥታኝ አታውቅም። ተቀይማ ይሁን ዓይኗ ደክሞ፣ አልጠየቅኳትም። አሁን የምጠይቃት የለችም።

ሉዊዝ ቡርዧ የምትባለውን ፈረንሳይ ተወልዳ አሜሪካ የኖረች ቀራፂ ሥዕል የተማርሽ ሰው ስለሆንሽ ታውቂያታለሽ። ወላጆቿ ያረጁ የግድግዳ ሽመናዎችን ይጠግኑ ነበር፤ መርፌውን የሚይዙት በተለይ እናቷ ነበሩ። እናቷ እ.ኤ.አ. በ1932 ሲያርፉ ልጅቷ 20 ዓመቷ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1999፣ ዘጠኝ ሜትር ያለፈ የብረት ሸረሪት ሠራችና ስሙን «እማማ» አለችው። ሰዎች ለምን ሸረሪት ሲሏት፣ እናቴ እንደ ሸረሪት ሸማኔ ነበረች ትል ነበር። (የእኛ ቋንቋ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ሸረሪትም ሸማኔም የሚያደሩት ድር ነው።) በእርጅናዋ ደግሞ ለዘመናት ያስቀመጠቻቸውን ልብሶችና የቤት ጨርቆች እየቆረጠች እየሰፋች ብዙ ሥራ ሠራች። አስደናቂ ናቸው። ነገር ግን እሷ ስትቆርጥ «ለምን ቆረጥሽው?» የሚሏት እናት በሕይወት አልነበሩም። የአንቺ አሉ። ይህ ለአንቺ ችግር ሳይሆን ቡርዧ ያላገኘችው ዕድል ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ሂጂ። በስልክ አይሆንም። ልጂቱን ይዘሻት ብትሄጂ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከእሷ ጀርባ አትሸሸጊ። ከሥራው የተረፈ ቁራጭ ካለ እሱን ያዢ፣ ከሌለ ከሥራው ላይ አንዱን ፍቺና ያዢ። ፎቶግራፍ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፤ ጣታቸው የሚያውቀውን ዓይናቸው በስልክ መስታወት ላይ አያገኘውም። ቡናው ከመቅረቡ በፊት «ቆረጥኩት» በዪ። መጀመሪያ ስለ ሥነ ጥበብ አታስረጂ፣ ስለ ዐውደ ርእዩ አታውሪ፣ የቡርዧንም ስም አታንሺ። «ቆረጥኩት» ብለሽ ዝም በዪ። ሊቆጡ ይችላሉ። ይቆጡ። ሊያለቅሱ ይችላሉ። «መስኮቱ ሰፊ ነው» ቢሉሽ ግን እንደ እኔ ወደ በርበሬ ዋጋ አትለፊ፤ «እማዬ፣ ከፍቶሻል?» ብለሽ ጠይቂያቸው።

ከዚያ በኋላ ለምን እንደቆረጥሽው ንገሪያቸው። ሰማንያውን ቀን ንገሪያቸው፤ ጋቢው ውስጥ ሆነሽ የቆጠርሽውን። ያን ያህል ቀን አራስ ቤት የተኙ ሴት ናቸውና ቁጥሩ ይገባቸዋል። እትብትሽ የት እንዳለ የምትጠይቂው፣ አፈሩንም የምትለምኚው የመጨረሻ ላይ ነው። ካስቀደምሽው መደለያ ይመስላል።

«አውርጂው» ቢሉስ? አውርጂው። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ቃጫውንና ገመዱን ብቻ ይዘሽ ሌላ ሥራ ለማቅረብ አንድ ወር አለሽ። ይህን ክፍል ለልጄ ሳነብላት አልተስማማችም። «የተሰጠ ስጦታ የተቀባዩ ነው፤ ጋቢው የእሷ ነው፤ እናቷን ማስፈቀድ የለባትም» አለች። በሕግ ብንሄድ እሷ ትረታኛለች። እኔ ግን እናት ሳትፈቅድ የተሰቀለ ስለ እናትነት የሚናገር ሥራ ፊት ቆሜ ምን እንደምል አላውቅም። የሁለታችንንም ሰምተሽ የፈለግሽውን አድርጊ።

ይሁንና «አውርጂው» የሚሉ አይመስለኝም። ብዙ እናቶች የሚከፋቸው መቆረጡ አይደለም፤ ሳይነገራቸው መቅረቱ ነው።

አሁን «ማን ነኝ?» ላልሽው። ስምሽ ጠፍቶ የእገሊት እናት ሆነሻል። የእናትሽ ስም ጋቢው ላይ አለ? የለም። ጋቢ ሲመረቅ ሸማኔው «እጅህ ይባረክ» ይባላል፤ የፈታይዋን ስም የሚጠይቅ የለም። ቃጫውን የፋቁት ሴቶች ስም ገበያ ላይ አልተነገረሽም። ከተማሽ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የኢንዱስትሪ ፓርክ ባለቤት ናት፤ በየዕለቱ በብዛት ወጣት ሴቶች ናቸው የሚሰፉት፤ ሸሚዙ አንገት ላይ የሚጻፈው ግን የገዢው ድርጅት ስም ነው። ስም ያጣሽው ብቻሽን አይደለሽም፤ ከክር ጋር የሚውሉ ሴቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ጁዲ ቺካጎ የምትባል አሜሪካዊት ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1985 ከ150 በላይ ጥልፍ አዋቂ ሴቶችን አስተባብራ ስለ ወሊድ ተከታታይ ሥራ ስታወጣ፣ የጠለፉትን ሴቶች ስም ከየሥራው ጋር አስፍራለች። ራሷ ልጅ ወልዳ አታውቅም፤ ይህንን ግን አወቀችው።

ከሥራሽ አጠገብ የምትለጠፍ ወረቀት ትኖራለች አይደል? እንዲህ ጻፊባት። ፈትል፦ የእናትሽ ሙሉ ስም ከነአያታቸው። ሽመና፦ የመጀመሪያውን ጋቢ የሸመኑት ሰው ስም፤ እናትሽ ያውቁታል። ቃጫ፦ የሸጠችልሽን ሴት ሄደሽ ጠይቂያት፤ ስሟን ልጻፈው ወይ በያት። ማሰሮና አፈር፦ አማትሽ ከፈቀዱ የእሳቸው ስም። ከዚያ ከሁሉም በታች የአንቺ ሙሉ ስም፣ የአባትሽም ጭምር። መጥሪያውንም ለሰፈርሽ ሴቶች በእጅሽ አድይ። የእገሊት እናት ስሟ ማን እንደሆነ ወረቀት ላይ አንብበው ይምጡ።

ስለ ሻጋታው። ሐይቅ ያለበት ከተማ ክረምት ላይ እርጥበቱ ቀላል አይደለም፤ ቃጫም ጥጥም እርጥበት ይጠጣሉ። ቃጫውን አውጪና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ዘርግተሽ በደንብ አድርቂው፤ ሽታው ካልለቀቀ እጠቢውና እንደገና እስኪደርቅ ድረስ ጠብቂ። ያሻገተው ክፍል ከተነካካ በቀላሉ የሚበጠስ ከሆነ ቆርጠሽ ጣዪው፤ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስታደርቂ አፍሽንና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ልጂቱንም አርቂያት። ከደረቀ በኋላ በፌስታል አትቋጥሪው፤ ከውስጥ ያልባል፤ በጥጥ ከረጢት ወይም በአሮጌ አንሶላ ይቀመጥ፣ ከግድግዳውም ይራቅ።

ቅዳሜ ዲላ የምትወስጂውንም የጋቢ ቁራጭ በፌስታል አትያዢው። በነጠላ ጠቅልይው።